ከቁርስ በፊት የሚቀዳ ደም

ኩብራን ያስመረራት ረሃብ አልነበረም፤ እንዳትራብ የሚሟገቱላት ሰዎች ነበሩ።

ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ እንደ እሷ ያሉ ሴቶችን ደም የሚያጠና አንድ ዶክተር አለ። ከእሷ የሚጠበቀው ማታ እራቷን በጊዜ መብላት፣ ከዚያ ወዲያ ከውሃ በቀር ምንም ነገር ወደ አፏ አለማስጠጋት፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት ሄዳ ክንዷን መዘርጋት ነው። በቃ። በዓልዩ አምባ ሙቀት ረመዳንን ሙሉ ጾማ ለምትወጣ ሴት ይህ ወሬም አልነበረም።

ግን ሁለት ጊዜ ሞክራ፣ ሁለቱንም ጊዜ ደሟን እንደያዘች ተመልሳለች።

የመጀመሪያውን ያበላሸችው እትዬ ሌይላ ናት። እትዬ ሌይላ የባሏ የጃፈር አክስት ስትሆን ቤቷ ደብረ ብርሃን ነው። ኩብራ ከዋዜማው ወጥታ እሷ ዘንድ አደረች። ማታ ሁሉንም አንድ በአንድ አስረድታት ነበር። እትዬ ሌይላም «እሺ፣ እሺ፣ ገብቶኛል» ብላ ነበር። ጠዋት ግን ኩብራ ጫማዋን አጥልቃ በሩን ስትከፍት፣ ከጎኗ በማር የራሰ የጨጨብሳ ጉርሻ መጣ።

«ባዶ ሆድሽን ከቤቴ ወጥተሽ መንገድ ላይ ዘፍ ብትዪ ሰው ምን ይለኛል?»

ከአማት እህት እጅ የመጣ ጉርሻ እንትፍ ተብሎ አይጣል ነገር። ኩብራ ዓይኗ እንባ እያቀረረ ዋጠችው። እትዬ ሌይላም «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን አስከተለች።

ሁለተኛውን ያበላሸው የአንኮበር ጉም ነው። ያን ቀን ከማንም ጉርሻ ለማምለጥ ብላ ጎህ ሳይቀድ ከራሷ ቤት ተነሣች። ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ፤ አናቱ ላይ ሊደርስ ሲል አንድ አይሱዙ መንገዱን አጋድሞ ዘግቶት አገኘው። ጉሙ እጅን ዘርግቶ ጣትን የማያሳይ ነበር። ተሳፋሪው ወርዶ እንጀራውን ፈታ፣ ዳቦውን ቆረሰ፤ ሁሉም ለኩብራ «እንብላ» አላት፤ ሁሉንም «አልበላም» ስትል ሁሉም ተቀየማት። ደብረ ብርሃን ስትደርስ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች፤ የጠዋቱ ደም ተሰብስቦ ታሽጓል። ሲስተር አልታየች፣ ደም የምትቀዳው ነርስ፣ ጓንቷን እያወለቀች ሽቅብ ቁልቁል አየቻት።

«እኔ ደግሞ ዛሬስ ትመጣለች ብዬ ነበር። የት ጠፋሽ?»

«ጉም…»

«ጉም! አንዴ ጉርሻ፣ አንዴ ጉም። የሚቀጥለው ምንድን ነው?»

ኩብራ የሚቀጥለውን አታውቅም ነበር። ታውቅ የነበረው ሦስተኛው ቀጠሮ የመጨረሻው መሆኑን ብቻ ነው። ጥናቱ ሊዘጋ ነው። የተሰበሰበው ደም በበረዶ ሣጥን አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ በየክሊኒኩ «ምንም የለብሽም» እየተባለች መኖር ነው።

«ምንም የለብሽም» የሚለው ቃል አንጀቷን አሳርሮታል። ካገባች አራት ዓመቷ ነው፤ ልጅ የለም። የወር አበባዋ ሲፈልግ በሁለት፣ ሲፈልግ በአምስት ወሩ ይመጣል። አገጯ ላይ ፀጉር ይበቅላል፤ በወረንጦ ትነቅለዋለች፤ መልሶ ይበቅላል። ወገቧ እያደር ይሰፋል። አንገቷን ደግሞ ከኋላው ጥቁር፣ ወፈር ያለ ቆዳ ዞሮታል። በሎሚ ብታሸው፣ በድንጋይ ብትፈትገው አይለቅም። የጃፈር እናት፣ እማማ ዩምና፣ ሻርፗ በተንሸራተተ ቁጥር «አንገትሽን ታጠቢ እንጂ ልጄ፤ ውሃ አልጠፋ» ይሏታል።

በየክሊኒኩ ጣቷን እየወጉ ስኳሯን ይለካሉ። «እንደ ሕፃን ልጅ ነው፤ ደህና ነሽ፤ ምግብ ብቻ ቀንሺ» ይሏታል። ቤት ስትመለስና ምግብ ስትቀንስ «ምነው፣ ቤታችን ጠላሽ?» ይሏታል።

ከሁሉ የከፋው ግን የመርፌው ነገር ነው። በአገሩ ለሦስት ወር የሚወጉትን የወሊድ መከላከያ መርፌ የማያውቅ የለም፤ መርፌው የወር አበባን እንደሚያጠፋም የማያውቅ የለም። እማማ ዩምና የምራታቸው የወር አበባ ወራት ሙሉ መጥፋቱን ባወቁ ጊዜ ሌላ ምርመራ አላስፈለጋቸውም። «ይቺ ልጅ ተደብቃ ትወጋለች» አሉ። «ልጄን ዘር ልታሳጣው ነው።» ቃሉ ከጓሮ ወጥቶ ገበያ ደረሰ። በርበሬ የሚሸጡ ሴቶች ኩብራ ስታልፍ ፊቷን ትተው ክንዷን ማየት ጀመሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ «አልተወጋሁም» ብላ ማለች፤ ቁርአን ልምታ አለች። የሰማት የለም። በመጨረሻ እማማ ዩምና ጃፈርን አስቀምጠው ቆረጡ፤ «አረፋ ድረስ እጠብቃለሁ። ከአረፋ ወዲያ ሌላ ሚስት እፈልግልሃለሁ።»

ጃፈር ምን አለ? ጃፈር «እንግዲህ አላህ ያውቃል» አለ። ጃፈር ከበርበሬ ዋጋ በቀር በምንም ነገር የማይከራከር ሰው ነው።

እንግዲህ እንዲህ ባለው ጊዜ ነው ኩብራ ከዶክተር ብርሃነ መስቀል ጋር የተገናኘችው። ዶክተሩ ሰላ ድንጋይ ተወልዶ ያደገ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት ነው። በአልትራሳውንዱ እንቁላል የሚያፈሩትን እንቁልጢዎቿን አሳያት፤ ትናንሽ ክብ ነገሮች እንደ ሙስበሃ መቁጠሪያ ፍሬ ዙሪያውን ተሰድረዋል።

«በሽታው ስም አለው» አላት። «ፒሲኦኤስ ይባላል። ብዙ ሴቶች አለባቸው።»

«ስኳርሽ ደህና ነው ይሉኛል እኮ!»

«ደህና ነው። ገደል ማዶ ያለ ሰው ተጣርተሽ ታውቂያለሽ?»

ከአንኮበር ገደል ሥር ላደገች ሴት ይህም ጥያቄ ሆኖ!

«ነፋስ ከሌለ አንዴ ትጠሪዋለሽ፣ ይመጣል። ነፋስ ካለ ጉሮሮሽ እስኪሰነጠቅ ትጮሂያለሽ፤ ያኔም ይመጣል። የመጣውን ሰው ብቻ ያየ ‹ሁሉም ሰላም ነው› ይላል። የጠሪውን ጉሮሮ ማን አየ? ስኳር ያ የሚመጣው ሰው ነው፤ ከደም ወጥቶ ወደ ሥጋሽ እንዲገባ የሚጠራው ደግሞ ኢንሱሊን ነው። የአንቺ ሥጋ ጥሪውን በደንብ የሚሰማ አልመሰለኝም። ስለዚህ ኢንሱሊንሽ ሌት ተቀን ይጮሃል። ጩኸቱ እንቁልጢሽን ይረብሸዋል። የወር አበባሽን ያዛባዋል፣ ፀጉሩን ያበቅለዋል፣ አንገትሽንም ያጠቁረዋል።»

«አንገቴንም?»

«አንገትሽንም።»

ኩብራ እዚያው ወንበሩ ላይ እንባዋ መጣ። ያን ሁሉ ጊዜ የፈተገችው እድፍ አልነበረም።

«ግን ይሄ ጥርጣሬዬ ነው» አለ ዶክተሩ። «ኢንሱሊኑን ከነስኳሩ ለክቼ ካላየሁት ዕውቀት አይሆንም። ምግብ ደግሞ የጤነኛውንም ኢንሱሊን ያስጮኸዋል። ጣፋጭማ አይነሣ። ቀምሰሽ ከመጣሽ በምግቡ ይጩህ በበሽታው መለየት አልችልም።»

ለዚህ ነው እንግዲህ ባዶ ሆዷን ይዛ አገር ለአገር የምትንከራተተው።

ሦስተኛው ቀጠሮ ሲደርስ እማማ ዩምና ነጠላቸውን አጣፍተው ብቅ አሉ።

«እኔም እመጣለሁ» አሉ። «ዶክተሩ የሚለውን በጆሮዬ ካልሰማሁ አላምንም። ዶክተርም ሰው ነው፤ ታሳምኚው ይሆናል።»

ኩብራ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ እትዬ ሌይላ ቤት እንዳያድሩ። ፔንሲዮን ያዙ። ይህን የሰማችው እትዬ ሌይላ ስልኩ እስኪሞቅ ደወለች። «ቤት እያለኝ ሆቴል? ምን በድዬ ነው? ጠላት አደረጋችሁኝ?» ኩብራ አስረዳች። እትዬ ሌይላ አለቀሰች። ቀጥሎ ጃፈር ደወለ። «ኩብራ፣ አክስቴን አስከፋሻት አሉ።» ኩብራ እሱንም አስረዳች። ጃፈር «እስኪ እንግዲህ ታገሺ» አላት። ማንን እንደምትታገሥ ግን አልነገራትም።

ጎህ ሲቀድ መብራት የለም። የደብረ ብርሃን ብርድ በመስኮቱ ሥር እየገባ አጥንት ይቆረጥማል። ኩብራ በበረዶ ውሃ ውዱእ አድርጋ ሰገደች፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። እማማ ዩምናም ሰገዱ፤ ሰላት ጨርሰው ከዘንቢላቸው ፔርሙስ አወጡ፤ ቀዱላት።

«እንኪ፣ ትኩስ ነው። ውሃ ተፈቅዷል ብለሻል።»

ኩብራ ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ ጨለጠችው። ሙቀቱ ደረቷን እንደ እጅ ዳበሰው። ምላሷ የነቃው ግማሹ ከጉሮሮዋ ካለፈ በኋላ ነበር።

«እማማ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ውሃ ነዋ።»

«ብርዝ ነው! ማር አለው!»

«ውሃም ማርም አለው» አሉ እማማ ዩምና ፔርሙሱን እየከደኑ። «ደምሽን ሊቀዱ አይደል? ሊቀዳ ያለ ነገር አስቀድሞ ነው የሚሞላ። ከተቀዳ በኋላ ቢሞሉት ምን ዋጋ አለው? ደሞ ማር ምግብ ነው እንዴ? ሺፋ ነው፤ መድኃኒት። ዝም ብለሽ ሂጂና ክንድሽን ስጫቸው።»

ኩብራ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ጉርሻን ሸሽታ፣ ጉምን ሸሽታ፣ አክስት አስለቅሳ፣ በመጨረሻ ከሰላት በኋላ በጽዋ ማር ተሸነፈች።

ወደ ሆስፒታሉ በእግራቸው ሄዱ። የፋብሪካ ሠራተኞች ጃኬታቸውን እስከ አፍንጫቸው ዘግተው ያልፋሉ። እማማ ዩምና ከኋላዋ ሆነው ስለ ብርዱ ያወራሉ። ኩብራ ግን ሌላ ነገር ታሰላስል ነበር፤ ያሰበችውም ነገር ራሷን አስደነገጣት።

ዝም ብትልስ?

ጣፋጭ ኢንሱሊንን ያስጮኸዋል ብሏል፤ ማር ደግሞ ጣፋጭ ነው። ዝም ካለች ቁጥሩ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ቁጥሩ ከፍ ካለ ዶክተሩ ወረቀቱን አንሥቶ «በሽታ ነው» ይላል። እማማ ዩምና በጆሯቸው ይሰማሉ። መርፌው ይረሳል፣ የሁለተኛ ሚስት ወሬ ይቀራል፣ የገበያ ሴቶች ክንዷን ማየት ይተዋሉ። የምትፈልገው ሁሉ በዚያች ጽዋ ውስጥ ነበር፤ ጠጥታዋለችም። ጥፋቱም የእሷ አይደለም። ከእሷ የሚፈለግ አፍን መዝጋት ብቻ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዟት ሰዎች ፍላጎትና የእሷ ጥቅም አንድ ሆነዋል።

ሲስተር አልታየች ስታያት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «መጣሽ! በሰዓቱ! ዛሬ ጉሙም ጉርሻውም የለም?»

«የሉም» አለች ኩብራ።

«ከማታ ጀምሮ ምን ቀመስሽ?»

እማማ ዩምና በሩ ላይ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁላት።

«ውሃ።»

ሲስተር ክንዷን በላስቲክ አሰረች፤ ሥሩን በጣቷ ፈልጋ አገኘችው። መርፌው ገባ። ደሙ ወደ ብልቃጡ መንጠባጠብ ጀመረ፤ ጥቁር ቀይ፣ ዝግ ያለ፣ የተረጋጋ። ኩብራ እያየችው የዶክተሩን ቃል አስታወሰች፤ በምግቡ ይጩህ በበሽታው መለየት አልችልም። እሷም መቼም አትለይም። መድኃኒት ቢሰጧት፣ ለማሩ ነው ለእሷ? ሰዎች በሐሰት «መርፌ» አሏት፤ አሁን ደግሞ በሐሰት ልትድን ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንድ እውነተኛ ቃል ከሰውነቷ ለመስማት ለምና፣ ሰውነቷ አፉን ሊከፍት ሲል እሷው ልታስዋሸው።

«ሲስተር፣ ይቅርታሽን። ይሄን ደም ድፊው።»

ሲስተር አልታየች ቀና አለች። «ምን አልሽ?»

«ብርዝ ጠጥቻለሁ። አሁን፣ ጠዋት። ውሃ አይደለም፣ ማር ነበረበት።»

«ደም ድፊው ትለኛለች!» ሲስተር መርፌውን ነቅላ ጥጥ ለጠፈችባት። «አተላ መሰለሽ እንዴ? ሦስት ጊዜ! አንቺን ከመጠበቅ ሐሙስን በረቡዕ ማምጣት ይቀላል! ማነው ብርዝ ያጠጣሽ?»

ኩብራ ጥጡን በጣቷ ተጫነች። እማማ ዩምና ግን ከበሩ ገባ አሉ።

«እኔ ነኝ። ለልጄ ማር ማጠጣቴ ወንጀል ነው?»

«እማማ፣ ምንም አትቅመስ ብለን አልነገርናትም?»

«የነገራችሁት ለእሷ ነው። ለእኔ ማን ነገረኝ?»

«እኔ ነገርኩዎት!» አለች ኩብራ። ወንበሩን ገፍታ ተነሥታ ነበር፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት ራሷም አታውቅም። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ዞሩ። «ቤት ነገርኩዎት፣ መኪና ውስጥ ነገርኩዎት፣ ማታ ነገርኩዎት! አልበላም ማለት አልበላም ነው፣ አልጠጣም ማለት አልጠጣም ነው፣ አልተወጋሁም ማለት አልተወጋሁም ነው! ምን አድርጌ ልናገር? በምን ቋንቋ ልናገር? መርፌ ተወግታለች ብለው አገር ሲያስወሩብኝ ማልኩልዎት፣ አልሰሙኝም። ዛሬ የምድንበት ቀን ነበር፤ ዛሬም አልሰሙኝም!»

እማማ ዩምና ምራት እንዲህ ስትናገር ሰምተው አያውቁም፤ በሕዝብ ፊት ደግሞ! ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

ሲስተር አልታየች የደም ብልቃጡን ጥላ እጇን ታጠበች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ግን አሁንም እንደተናደደች፣ «ሣጥኑ የሚጫነው ነገ ነው» አለች። «ነገ መኪናው ሳይመጣ እዚህ በር ላይ ካገኘሁሽ እወስድልሻለሁ። ዶክተሩን እኔ አናግረዋለሁ። ነገ ከቀረሽ ግን ወይ እኔ ይህን ሥራ እለቃለሁ፣ ወይ አንቺ ይህን አገር ትለቂያለሽ።»

ፔንሲዮኑ ለሌላ ሰው ተይዞ ስለነበር እትዬ ሌይላ ቤት ከመሄድ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ወደ ቤቱ ሲቃረቡ እማማ ዩምና ቆሙ።

«ዝም ብትዪ ይጠቅምሽ ነበር እኮ» አሉ። «ያ ዶክተር ጣፋጭ ቁጥሩን ያወጣዋል ማለቱን ያወራሽልኝ አንቺው ነሽ። ቁጥሩ ከወጣ በሽተኛ ነሽ፤ በሽተኛ ከሆንሽ መርፌ የለም። ይሄ አልታየሽም?»

«ታይቶኛል።»

«ታዲያ ምን ነካሽ?»

«ቁጥሩ የእኔ እንዲሆን ነው የፈለግሁት፤ የማሩ እንዲሆን አይደለም። የማሩን ቁጥር ይዤ ምን እሆናለሁ?»

እማማ ዩምና መንገዱን እያዩ ትንሽ አሰቡ። የሚጠቅማትን ውሸት በአደባባይ የተፋች ሴት የማይጠቅማትን ውሸት ሁለት ዓመት ትሸከማለች? ሒሳቡ አልመጣላቸውም። ድሮም ሒሳብ ሲሠሩ ቸኩለው ነበር።

«መርፌውን አልተወጋሽም» አሉ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እያልኩዎት ነበር!»

«ሰማሁ አልኩ እኮ። አትጩሂብኝ፤ ዛሬ ጮኸሽ ጨርሰሻል።»

ይቅርታ ከዚህ በላይ አልሄደም። እትዬ ሌይላ ቤት ግን ሌላ መልክ ያዘ። እራት በጊዜ ተበላ። ከዚያ ወዲያ እትዬ ሌይላ ቆሎ ይዛ ስትመጣ እማማ ዩምና እጇን ያዙት። ሻይ ይዛ ስትመጣ ብርጭቆውን ተቀበሏት። ጠዋት ደግሞ፣ ገና ጫማ ሲጠለቅ፣ እትዬ ሌይላ ጉርሻዋን ይዛ ከጓዳ ብቅ ስትል በሩ መሐል ተገትረው ጠበቋት።

«አንድ እርምጃ ብትጨምሪ እህቴ አይደለሽም።»

«ኧረ ተይ ዩምና! አንቺው አይደለሽ ትናንት በማር ያጠገብሻት?»

«የትናንቱ ትናንት ነው።»

«ባዶ ሆዷን ብትወድቅስ?»

«ትውደቅ! አነሣታለሁ። ሂጂ ከዚህ፤ ጉርሻሽን ራስሽ ጉረሺ!»

እትዬ ሌይላ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። በመጨረሻ፣ ሌላ የሚያደርጉት ስለሌለ፣ ራሷ ጎረሰችው።

ሲስተር አልታየች በር ላይ ስታገኛቸው ኩብራን አልጠየቀችም፤ ወደ አማቷ ዞረች። «እማማ፣ ምን ቀመሰች?»

«ምንም» አሉ እማማ ዩምና። «እኔም አልቀመስኩም። ብትፈልጊ ከእኔም ቅጂ።»

ውጤቱ ለመምጣት ሳምንታት ፈጀ። በነዚያ ሳምንታት ኩብራ ሁለት ነገር ትፈራ ነበር፤ ቁጥሩ ከፍ እንዳይል ትፈራለች፤ ዝቅ እንዳይልም ትፈራለች። ዶክተር ብርሃነ መስቀል ወረቀቱን ይዞ ሲጠራቸው አማትና ምራት ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ስኳርሽ ዘጠና ነው» አለ። «ደህና ነው።»

ኩብራ ዓይኗን ጨፈነች። ደህና ነው። ይኸው እንደገና።

«ኢንሱሊንሽ ሃያ ሰባት። ይሄ ደህና አይደለም። ሁለቱን አባዝተን፣ ከዚያ አካፍለን የምናሰላው አንድ መለኪያ አለ፤ ከሁለት ተኩል ባይበልጥ ደስ ይለን ነበር፤ የአንቺ ስድስት ወጣ። ጠሪው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ እየጮኸ ነው። ባዶ ሆድሽን ሆነሽ፣ ምንም ሳትቀምሺ።»

ኩብራ መሳቅ ጀመረች፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች። ዶክተሩ ስለ መድኃኒቱ ነገራት፤ የስኳር ሕመምተኞች የሚወስዱት ክኒን ነው፣ ለእሷም ይረዳል፤ መራመድ፣ ስኳርና ዳቦ መቀነስ። መካን አይደለሽም አላት፤ ጊዜ ይፈልጋል፣ ቃል ግን አልገባልሽም አላት። ባሏም ይመርመር አለ።

«ይመጣል» አሉ እማማ ዩምና። «ጆሮውን ይዤ አመጣዋለሁ። አሁን ግን ያን የገደል ማዶውን ነገር እንደገና ንገሩኝ፤ በደንብ ልያዘው። ገበያ ላይ የምናገረው ነው።»

ዶክተሩ ነገራቸው። ሲጨርስ እማማ ዩምና ተቆጡ። «ታዲያ ያ ሁሉ ክሊኒክ ጣቷን ሲወጋ የከረመው ለምንድን ነው? የመጣውን ሰው ብቻ እያዩ? አንድ ሰው እንኳ ጠሪውን ልይ አይልም?» ዶክተሩ ምርመራው በየቦታው እንደማይገኝ ሊያስረዳ ሞከረ። አላስጨረሱትም። ከቢሮው ሳይወጡ ጃፈር ጋ ደወሉ። «አረፋን እርሳው» አሉት። «የቱን አረፋ?» አለ ጃፈር። «የነገርኩህን! ደሞ ስኳር እንዳትገዛ!» ብለው ዘጉበት።

ሲመለሱ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ጎረቤላ ላይ ሚኒባሱ ለሻይ ቆመ። ከሻይ ቤቱ በረንዳ ሥር ገደሉ ተዘርግቷል፤ ወደ ዓልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ እንደ ተጣለ ገመድ ይታያል። እማማ ዩምና አስተናጋጇን ጠርተው «ለእኔ እንደ ልማዱ፤ ለእሷ ያለ ስኳር» አሏት።

«እሺ እማማ።»

ሻዩ መጣ። ኩብራ ፉት አለችው። ብርጭቆውን ወደ አማቷ ገፋችው። እማማ ዩምና በከንፈራቸው ነክተው አስቀመጡት።

«አንቺ ልጅ! ምን ነበር ያልኩሽ?» አሉ አስተናጋጇን።

«ያለ ስኳር ብለውኛል፣ እማማ። ትንሽ ነው ጣል ያረግኩበት። በዚህ ብርድ ባዶውን እንዴት ይጠጣል? ታሳዝናለች ብዬ ነው።»

እማማ ዩምና ተነሡ። «ያለ ስኳር ማለት ያለ ስኳር ነው!» ድምፃቸው በረንዳውን አልፎ፣ የቆመውን ሚኒባስ አልፎ፣ ገደሉ ማዶ ደርሶ የተመለሰ መሰለ። «ሰው ሲናገር አይሰማም እንዴ በዚህ አገር? ጆሮ የለም?»

ኩብራ ሻርፗን ከአንገቷ ላላ አደረገችና ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ተቀመጠች። ዛሬ የመጮህ ተራው የሌላ ሰው ነበር።